ሁለት አካውንት ሳትከፍቱ ኮምፒውተር አታስረክቡን

ለ፦ በአንዋር መስጊድ ዙሪያና በመላው መርካቶ ኮምፒውተር ለምትሸጡ፣ ለምትጠግኑና ዊንዶውስ ለምትጭኑ ባለሙያዎች
ግልባጭ፦ ለአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ልማት ጽሕፈት ቤት፤ በሰፈሩ ለሚነግዱ ባለሱቆች
ጉዳዩ፦ የዕለት ሥራ በአድሚን አካውንት መሠራቱ እንዲቀር ስለመጠየቅ



በአንዋር መስጊድ ዙሪያ የጥቂት ሱቆችን ሒሳብ የምይዝ ሰው ነኝ። ወሩ ሲያልቅ ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ ደረሰኝ እሰበስባለሁ፣ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ እመዘግባለሁ፣ የቫት ማስታወቂያ አዘጋጃለሁ። በዚህ የተነሳ የብዙ ሰው ኮምፒውተር ፊት እቀመጣለሁ፤ ሽቶና ጀለቢያ የሚሸጠው ጋ፣ ጨርቅ አከፋፋዩ ጋ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ። ሸቀጡ ይለያያል እንጂ ኮምፒውተሩ አይለያይም። ሲበራ ፓስወርድ አይጠይቅም። ውስጡ ያለው አካውንት አንድ ብቻ ነው፤ ስሙም «ዩዘር» ወይም «ፒሲ» ወይም «ኤችፒ» ይባላል። ያ አንድ አካውንት አድሚን ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያሻውን የመጫን፣ የማጥፋትና የመለወጥ ሙሉ ሥልጣን አለው። ባለሱቁም፣ ልጁም፣ ተላላኪውም፣ እኔም የምንገባው በዚያው ነው።

ባለሱቁ እንዲህ አድርጉልኝ ብሎ አላዘዘም። ኮምፒውተሩ ከእናንተ እጅ ሲወጣ እንዲያ ሆኖ ወጣ፣ እንዲያው ቀረ። ደብዳቤውን ከሁሉ አስቀድሜ ለእናንተ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ዓርብ ቀን አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ መቆም ይበቃል። ባለቤቱ ለጁምዓ ወጥተዋል፤ መንገዱ በሰጋጅ ሞልቷል፤ ሱቁን የያዘው ልጅ ብቻውን ነው። አንዱ የፋይዳ መታወቂያውን ፕሪንት ሊያስደርግ ይመጣል፣ ሌላዋ የፓስፖርት ኮፒ ትፈልጋለች፣ ሦስተኛው ሲቪውን በፍላሽ ይዟል። ለተቀሩት ልጁ «በቴሌግራም ላኩልኝ» ይላል። የሚላከው ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ይከማቻል። ከመካከሉ አንዱ የፒዲኤፍ ምልክት የለበሰ ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ የፋይሉን ስም ጅራት ስለሚደብቅ ልዩነቱ ለዓይን አይታይም። ልጁ ሁለቴ ይጫነዋል። ስክሪኑ ጨለም ይልና መሀሉ ላይ አንዲት ሳጥን ብቅ ትላለች፤ ይህ ፕሮግራም ኮምፒውተርዎ ላይ ለውጥ እንዲያደርግ ይፈቅዳሉ ወይ ትላለች። ከሥሯ «የስ» እና «ኖ» አሉ። ልጁ «የስ»ን የሚጫነው ሳጥኗ ወጥታ ሳታበቃ ነው፤ ማውሱ ቀድሞ እዚያ ቆሞ ይጠብቃታል። የፕሪንተሩ ሾፌር ሲጫን መጥታለች፣ ፒችትሪ ሲከፈት ትመጣለች፣ ስካነሩ ሲበላሽ መጥታለች። አንድም ቀን አንብቧት አያውቅም፤ አንብባት ያለውም የለም።

ልጁን ለመውቀስ አልደፍርም። በአድሚን አካውንት ውስጥ ያቺ ሳጥን የምትፈልገው አንድ ክሊክ ብቻ ነው፤ ሰልፍ የቆመበት ሰው ደግሞ ክሊክ አይሰስትም። በስታንዳርድ፣ ማለትም የአድሚን ሥልጣን በሌለው አካውንት ግን ያቺው ሳጥን የአድሚኑን ፓስወርድ ትጠይቃለች። ልጁ ፓስወርዱን አያውቀውም። «ባለቤቱ ይምጡ» ይላል፤ ፋይሉ ሳይከፈት ይቀራል፤ ደንበኛው ወይ ሌላ ቅጂ ይልካል ወይ ይሄዳል። የጠፋው የአንድ ገጽ ፕሪንት ሒሳብ ነው።

ፕሮግራም ሲነሳ የከፈተውን ሰው ሥልጣን ይዞ ይነሳል። ኮምፒውተሩ ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ አያይም፤ በየትኛው አካውንት እንደተገባ ብቻ ያያል። ስለዚህ አንዴ በአድሚን የተፈቀደለት ቫይረስ አንቲቫይረሱን ያጠፋል፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አብሮ እንዲነሳ ሲስተሙ ውስጥ ራሱን ይተክላል፣ የሌላውን አካውንት ፎልደር ይከፍታል፣ ሜሞሪ ላይ ያገኘውን ፓስወርድ ይለቅማል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ለክፉ ቀን ያስቀመጣቸውን የቀድሞ ቅጂዎች ጭምር ይሰርዛል፤ እነሱን ለመሰረዝ የአድሚን ሥልጣን ያስፈልገዋልና። ያንን ሥልጣን ባያገኝ ቅጂዎቹ ይተርፉ ነበር።

«በገዛ ኮምፒውተሬ ላይ ፈቃድ ልጠይቅ?» የሚል ባለሱቅ ደጋግሞ አጋጥሞኛል። አንድ የማከብራቸው ሐጂ እንዲያውም ከልባቸው ተቀይመው «ዕቃው የእኔ፣ ሱቁ የእኔ፣ አንተ መጥተህ ስታንዳርድ አደረግከኝ?» አሉኝ። ሐጂ፣ መርካቶ ውስጥ የመጋዘኑን ቁልፍ ከሱቁ ቁልፍ ጋር አስሮ ቀኑን ሙሉ መደርደሪያ ላይ የሚያኖር ነጋዴ አይተው ያውቃሉ? አልኳቸው። መጋዘኑ የእርስዎ መሆኑን የካደ የለም፤ ቁልፉ ግን ኪስዎ ውስጥ ነው፣ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ይወጣል። አድሚኑም እንዲያ ይሁን ነው የምለው። ሐጂ ዝም አሉ፤ ፓስወርዱን ግን በገዛ እጃቸው ጻፉ፣ እኔንም ዞር በል አሉኝ። ልክ ናቸው፤ እኔም ማወቅ የለብኝም።

ይህ ሐሳብ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሁለት የኮምፒውተር ተመራማሪዎች ማንኛውም ፕሮግራምም ሆነ ተጠቃሚ ሥራውን ለመሥራት ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን ሊኖረው አይገባም ብለው ጽፈዋል። ወደ ሱቆቻችን የገባው ዊንዶውስ ግን ለረጅም ጊዜ ይህን አልተከተለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኤክስፒ ሲጫን የሚከፍተው አካውንት አድሚን ነበር፤ ሶፍትዌር ሠሪዎችም ደንበኛው ሁሉ አድሚን ነው ብለው ሠሩ። ስክሪን የምታጨልመዋ ሳጥን የመጣችው እ.ኤ.አ. በ2007 ገበያ ላይ ከዋለው ቪስታ ጋር ነው። ሰው ጠላት፣ አማረረባት፣ በኋላም ለመዳት። ማይክሮሶፍት ራሱ በአድሚን አካውንት ውስጥ ሳጥኗ ብቻዋን የማትታለፍ አጥር ተደርጋ እንዳትቆጠር ይናገራል፤ እሷን ሳያስነሱ ሾልከው የሚያልፉ ቫይረሶች አሉና።

እኛ ጋ ልማዱን ያጸናው ፒችትሪ ይመስለኛል። አምራቹ ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ከለወጠው ዓመታት ቢያልፉም የመርካቶ ሒሳብ ሠራተኛ ዛሬም የሚምለው በድሮው ቅጂ ነው። የድሮው ቅጂ ዳታውን የሚጽፍበት ፎልደር ለስታንዳርድ ተጠቃሚ ዝግ ከሆነበት አልሠራም ይላል። ጫኚው ይቸኩላል፤ አካውንቱን አድሚን ያደርግና ይገላገላል። የጎደለው የዚያ ፎልደር ፈቃድ ብቻ ነበር። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ከፍቶ፣ ለዚያ ተጠቃሚ የመጻፍና የመለወጥ ፈቃድ መስጠት ይቻላል። ለአንድ ፎልደር ብሎ ኮምፒውተሩን በሙሉ መስጠት ምን ይሉታል?

በሒሳብ ሶፍትዌር በኩል የመጣ ጥፋት ምን ያህል እንደሚሄድ ኖትፔትያ ከተባለው ቫይረስ የበለጠ ምስክር የለም። ሱቆቻችሁ ውስጥ ያለው ጨርቅና ሽቶ በኮንቴይነር ተጭኖ በጅቡቲ በኩል ይመጣል፤ ከኮንቴይነሮቹ አንዳንዶቹ ላይ የማርስክን ስም ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 ይህ ግዙፍ የመርከብ ኩባንያ በኖትፔትያ የተነሳ ቀጥ ብሎ ቆመ። ተንኮሉ የተጫነው ኤምኢዶክ በሚባል የዩክሬን የግብር እና የሒሳብ ሶፍትዌር ማዘመኛ ላይ ነበር። መግቢያው ላይ ሒሳብ ሠራተኛው ምንም አላጠፋም፤ ማዘመኛው ከምንጩ ተበክሏል። ከዚያ ወዲያ ግን ቫይረሱ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ከተሻገረባቸው መንገዶች አንዱ ሜሞሪ ላይ ያገኘውን የአድሚን ፓስወርድ እያነሳ መሄዱ ነበር። የዲስኩን መነሻ አጥፍቶ ኮምፒውተሩ እንዳይነሳ ለማድረግም የአድሚን ሥልጣን ያስፈልገው ነበር፤ አገኘውም። የማርስክ ሊቀመንበር በቀጣዩ ዓመት እንደተናገሩት 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒውተሮች በአሥር ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ተጫኑ። ኩባንያው ጉዳቱን ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገመተው።

ዋየርድ መጽሔት በኋላ ታሪኩን ሲዘግብ አንድ የሚያስገርም ነገር አወጣ። የኩባንያውን ተጠቃሚዎች ስምና ሥልጣን የሚይዙት ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ ከመቶ በላይ ነበሩ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲተካው ታስቦ። ከአንዱ በቀር ሁሉም በአንድ ላይ ጠፉ። የተረፈው ጋና ያለው አንዱ ብቻ ነበር፤ ያም የተረፈው ጥቃቱ ሲደርስ እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነው። መብራት መጥፋት ለሰው በጎ ያደረገበት ታሪክ እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። እኛ ሰፈርም መብራት ይጠፋል፤ እሱን ግን እንደ መከላከያ እንዳትቆጥሩት።

ቁጥር ለሚወድ አንድ ልጨምር። ቢዮንድትረስት የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ በቀደመው ዓመት ማይክሮሶፍት ይፋ ካደረጋቸው እጅግ አደገኛ የደህንነት ቀዳዳዎች 77 በመቶው የተጠቃሚው አድሚንነት ቢነሳ ጉዳታቸው ሊገታ ይችል ነበር ብሏል። ኩባንያው የሚሸጠው ይህንኑ ሥልጣን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ነው፤ ስለዚህ መርካቶ እንደምናደርገው ከተጠራው ላይ ግማሹን ቀንሱለት። የቀረውም ያዋጣል።

አሁን ወደማይወደደው ነገር ልምጣ፤ ክራክ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን ሳይገዙ መጫን። የዊንዶውስና የኦፊስ ዋጋ ለአንድ ትንሽ ሱቅ ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ ስብከት አልጀምርም። ግን አክቲቬተሩን ስትጭኑ የምታደርጉትን ልብ በሉ። መጀመሪያ አንቲቫይረሱን ታጠፋላችሁ። ከዚያ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም በአድሚን ሥልጣን ታስነሳላችሁ። ከዚያ የዊንዶውሱ አንቲቫይረስ ዲፌንደር እንዳይነካው «ኤክስክሉዥን» ውስጥ ታስገቡታላችሁ፤ ድራይቭ ሲ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ያየሁበት ኮምፒውተር አለ። ማለትም አንቲቫይረሱ በርቶ፣ አረንጓዴ ምልክቱን እያሳየ፣ ምንም ነገር እንዳያይ ታዟል። ባለሱቁ ይህን በምን ያውቃል? ሌላው ቢቀር ኮምፒውተሩን ከማስረከባችሁ በፊት ያንን ዝርዝር ከፍታችሁ አጽዱት።

ስታንዳርድ አካውንት ተዓምር እንደማይሠራም ልናገር፤ ነገ አንዱ ተጎድቶ «አላልክም ነበር?» እንዳይለኝ። በዚያው አካውንት ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ቫይረስ ሊቆልፋቸው ይችላል፤ ክሮም ላይ የተቀመጠ ፓስወርድ ሊሰረቅ ይችላል፤ ደውሎ ከቴሌብር ነኝ፣ የሚስጥር ቁጥሩን ንገረኝ ለሚለው አታላይ መድኃኒቱ ሌላ ነው። የፒችትሪ ባክአፕ ተገልብጦ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ የሚቀመጥ ዲስክ ላይ መኖር አለበት። የአካውንቱ ጥቅም ጥፋቱ በአንድ አካውንት ውስጥ እንዲታጠር ማድረጉ ነው። ያኔ እናንተም ሙሉውን ኮምፒውተር ፎርማት ከማድረግ ያንን አካውንት ብቻ አጽድታችሁ ልትመልሱት ትችላላችሁ።

ፎርማት ማድረግ እንጀራችሁ መሆኑን አልዘነጋሁም። ስለዚህ ይህን በነጻ ሥሩልን አልልም፤ ዋጋ ጠይቁበት፣ እኔም ደንበኞቼን እንዲከፍሏችሁ እመክራለሁ። ሥራው እንደሆነ ቀላል ነው። አዲስ ሲጫን የሚከፈተው የመጀመሪያው አካውንት አድሚን ነው፤ «ባለቤት» ብላችሁ ሰይሙት። ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ አካውንትስ ገብታችሁ ለዕለት ሥራ ሁለተኛ ክፈቱ፤ ራሱ ስታንዳርድ ሆኖ ይከፈታል።

ሲሠራበት የቆየ ኮምፒውተር ከሆነ ግን በተቃራኒው ሂዱ። ባለሱቁ ሁለት አካውንት ሲባል የሚሸሸው ዴስክቶፑ ላይ ያለው ፋይል፣ ቴሌግራሙና ክሮሙ አሮጌው አካውንት ላይ ይቀሩብኛል ብሎ ነው። አይቀሩበትም። አዲስ አካውንት ክፈቱና እሱን አድሚን አድርጉት፤ በእሱ ገብታችሁ መሥራቱን አረጋግጡ፤ ከዚያ አሮጌውን ወደ ስታንዳርድ አውርዱት። ባለሱቁ በማግስቱ ሲከፍት ሁሉንም በቦታው ያገኘዋል። ፒችትሪ ካለ የፎልደሩን ፈቃድ አስተካክሉና እሱ ፊት አንዴ ከፍታችሁ አሳዩት፤ ካላሳያችሁት በነጋታው ደውሎ አድሚኑን መልሱልኝ ይላችኋል።

ፓስወርዱን ባለቤቱ ይምረጥ። ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ፓስወርድ የምትሰጡ አላችሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በታፔላው ላይ የተጻፈው ስልክ ቁጥርም ፓስወርድ አይሆንም። ወረቀት ላይ ተጽፎ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ ጠፋብኝ ብሎ ከሚመጣባችሁ ይሻላል።

ጊዜውም የሚመች ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ሱቆቻችን ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ያገለገሉ ናቸው፤ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ቲፒኤም 2.0 የማያሟሉ አሉባቸው። ስለዚህ እነዚህ ኮምፒውተሮች ወይ ሊለወጡ ወይ እንደገና ሊጫኑ እጃችሁ ላይ ይደርሳሉ። ያኔ እንዳታልፉት።

ባለሱቆች ሆይ፣ ለእናንተ ያለኝ አጭር ነው። ኮምፒውተር ስትረከቡ «አድሚኑ የትኛው ነው? እኔ የምሠራበትስ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ነው ከተባላችሁ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ይሁን በሉ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ በተለይ አስቡበት፤ የስንት ሰው ፋይዳ፣ ፓስፖርትና የባንክ ወረቀት ያ የቴሌግራም ፎልደር ውስጥ ተጋድሟል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የያዘ እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥላል። ማታ ሱቅ ስትዘጉ ፎልደሩን ባዶ ማድረግ ደግሞ አዋጅም አያስፈልገው።

ለክፍለ ከተማው የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ልማት ጽሕፈት ቤት፦ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ወጣቱን ኮድ እንዲማር ሲጠራ ቆይቷል፤ መልካም ነው። ከዚያ ቀለል የሚል ነገር ከእናንተ እጠይቃለሁ። የሳይበር ደህንነት ወር በየጥቅምቱ ሲከበር፣ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ባለሙያዎች ጋር አንድ ቀን እኛ ሰፈር ኑና ኮምፒውተር ጫኞቹን ሰብስቡ። አዳራሽ ውስጥ ንግግር ለማድረግ ሳይሆን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ፊታቸው ላይ ሁለት አካውንት ለመክፈትና ፒችትሪን በስታንዳርድ አካውንት ለማስነሳት። ዓርብ ቀን ግን አይሁን፤ ቅዳሜም ገበያ ነው። በወረዳ የአገልግሎት መስኮቶች ላይ ያሉትን ኮምፒውተሮችም በዚሁ ዓይን እዩልን፤ የእኛ መረጃ እነሱም ውስጥ አለ። በተጨማሪም እያንዳንዱ ጫኚ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያስረክበው አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በስልጥኛ ቢዘጋጅ ነገሩ ባለሱቁ ቤት ይደርሳል። የአማርኛውን እኔ ልጻፈው ብትሉ ፈቃደኛ ነኝ፤ የወሩ ማስታወቂያ ገቢ ከሆነ በኋላ ባሉት ቀናት ጥሩኝ።

ከአክብሮት ጋር
የሰፈራችሁ ሒሳብ ሠራተኛ
አንዋር መስጊድ ሰፈር፣ መርካቶ